ማማ የሌለው መታጠፊያ

ኩየራ ላይ፣ ከአስፋልቱ ወደ ኮረኮንቹ በሚታጠፍበት ቦታ፣ መብራት የለም። ትራፊክ ፖሊስም ብዙውን ጊዜ የለም። ያለው ክላክስ ነው። ከአርሲ ነገሌ በኩል ሲኖትራክ ይመጣል፤ ከሻሸመኔ በኩል ቅጥቅጥ ይመጣል፤ ድንች የጫነ ጋሪ ከጎን ብቅ ይላል፤ መሀል ላይ ደግሞ ባጃጅ አለ። ባጃጁ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ባጃጅ አይመጣም፤ ይገኛል እንጂ።

ከዚያ ሁሉም ክላክሱን ይጫናል። ባለ ባጃጁ ሲጫን «ልታጠፍ ነው» ማለቱ ሊሆን ይችላል። «አልታጠፍም፣ ቀጥ ማለቴ ነው» ማለቱም ሊሆን ይችላል። «ቁም»፣ «ፍጠን»፣ «ሰው ልጫን»፣ «ያቺ የአክስቴ ልጅ ናት»፣ ወይም ከሁሉ የሚያሳስበው «ፍሬኔ አይዝም»፦ ሁሉም በዚያው አንድ ድምፅ ይነገራል። ሰሚው እንደየእምነቱ ይተረጉመዋል። ለነገሩ ሰሚ የሚባልም የለም፤ ሁሉም የራሱን እየተጫነ ስለሆነ የሌላውን የሚሰማበት ጆሮ አይተርፈውም።

በቅርቡ አንድ የሻሸመኔ ልጅ ከአሜሪካ ለእረፍት መጥቶ ነበር። እዚያ ትንሽ አውሮፕላን ማብረር ተምሯል፤ ሴስና የምትባለውን፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍቶ የሚቀመጥባትን። አጎቱ ኩየራ፣ አክስቱ ሻሸመኔ ናቸው የሚኖሩት። መጀመሪያ አጎቱን ሊጠይቅ መጥቶ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ መታጠፊያውን ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «ግን ማነው የሚያስተናብራቸው?» አለ።

«እግዚአብሔር» አሉት አጎቱ። ቀልድ አልነበረም።

«እኔ የማበርበትም ቦታ የሚያስተናብር የለም» አለ ልጁ። ሻይ ቤቱ በሙሉ ሳቀበት።

እውነቱን ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚመጣልን ቦሌ ነው፦ ማማ አለ፣ ማማው ላይ ሰው አለ፣ ያለዚያ ሰው ፈቃድ አንዲት ጎማ አትንቀሳቀስም። አሜሪካ ውስጥ ግን ለሕዝብ ክፍት ከሆኑት 5,000 ገደማ ማረፊያዎች ውስጥ መቆጣጠሪያ ማማ ያላቸው 500 ያህሉ ብቻ ናቸው። በቀሩት ላይ ማንም አይፈቅድም፣ ማንም አይከለክልም። አንድ ማኮብኮቢያ፣ አንድ የነፋስ አቅጣጫ ማሳያ ከረጢት፣ ከተገኘም አንድ ነዳጅ ቀጂ፤ በቃ። እዚያ ሜዳ ላይ የእርሻ መድኃኒት የሚረጭ፣ ተማሪ የያዘ አስተማሪ፣ ከሥራ መልስ ቅዳሜን በሰማይ የሚያሳልፍ የጥርስ ሐኪም ሁሉ ይወርድበታል፣ ይነሳበታል።

እንዴት አይጋጩም? ይናገራሉ። አብራሪው ገና 10 ማይል ሲቀረው ራዲዮውን ይከፍትና ለማንም ለይቶ ሳይሆን ለአካባቢው በጠቅላላ ይናገራል፦ የሜዳውን ስም ይጠራል፣ ምን ዓይነት አውሮፕላን እንደሆነ፣ በየት በኩል እንዳለና ከፍታውን ይናገራል፣ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ይናገራል፣ በመጨረሻ የሜዳውን ስም ደግሞ ይጠራል። ሁለት ጊዜ መጥራቱ ለወግ አይደለም። 122.8 ሜጋኸርዝን የመሰለ አንድ ሞገድ ብዙ ሜዳዎች ስለሚጋሩት ሰሚው የቱ ሜዳ እንደተባለ ካልያዘ በጎረቤት ወረዳ ያለውን አውሮፕላን ራሱ ሰማይ ላይ ሲፈልግ ይውላል። (በዚህ በኩል የእኛ ረዳቶች ከዓለም አንደኛ ናቸው። «ሻሸመኔ፣ ሻሸመኔ፣ ሻሼ!» ተብሎ ግራ የሚጋባ መንገደኛ እስካሁን አላየሁም።)

ከተናገረ በኋላ ዙሩን ይይዛል። ከመሬት 1,000 ጫማ ያህል ከፍ ብሎ ማኮብኮቢያውን በጎኑ እያየ ነፋሱን ከኋላው አድርጎ ይሄዳል፤ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ እንደገና ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ማኮብኮቢያው አዙሮ ይወርዳል። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ «እዚህ ጋ ነኝ፣ ልታጠፍ ነው» ይላል። ሌላ ምልክት ከሌለ በቀር ሁሉም የሚዞረው ወደ ግራ ነው፤ አንዱ ደስ ስላለው ወደ ቀኝ አይዞርም። እኛም ከሰኔ 1 ቀን 1956 ጀምሮ መንገዱን በቀኝ ይዘን እንነዳለን፤ ኩየራ ላይ ግን አዋጁ ገና ያልደረሳቸው ባጃጆች አሉ።

አጎቱ ይህን ሁሉ በጥሞና አዳመጡ። ከዚያ የኩየራን መታጠፊያ የሚያህል ጥያቄ ጠየቁ። «ለማን ነው የሚናገረው?»

«ለአካባቢው፣ አባባ። ሌላ አውሮፕላን ካለ ብሎ።»

«ከሌለስ?»

«ከሌለም ይናገራል።»

«እንግዲህ» አሉ አጎቱ፣ «ሊያደርግ ያሰበውን፣ ላልጠየቀው ሰው፣ ላይኖር ለሚችል ሰው ይናገራል።» ራሳቸውን ነቀነቁ። የልጁ ጤንነት ሳያሳስባቸው አልቀረም።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ያሰበውን ለማንም አይናገርም። በጠዋት የተገናኙ ሁለት ጎረቤታሞች የሚለዋወጡትን ስሙ። «ወዴት ነው?» «እዚችው ነኝ።» እዚችው የተባለው ሐዋሳ ሊሆን ይችላል፤ ዱባይም ሊሆን ይችላል። ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው መሠረቱ እስኪወጣ አይናገርም፤ ልጁን ሊድር ያሰበ ድንኳኑ እስኪተከል አይናገርም፤ ዓይን አለ፣ ምቀኛ አለ፣ ነገር ሳይጠና ይበላሻል። ይህ ለቤትና ለሠርግ ያዋጣ ይሆናል። ችግሩ ያው ሰው ያንኑ ምሥጢር ጠባቂነቱን ይዞ መሪ ላይ መቀመጡ ነው።

ፍሬቻን ተመልከቱ። መኪናው ሲሠራ ተገጥሞለት መጥቷል፤ አምፖሉም አልተቃጠለም። ግን የሚያበራው ሰው ጥቂት ነው፤ ሰነፍ ስለሆኑ እንዳይመስላችሁ። ፍሬቻ ያበራ ሰው ሐሳቡን አወጣ ማለት ነው። ከኋላው ያለው ቅጥቅጥ «አሃ፣ ወደ ግራ ሊገባ ነው» ብሎ ያውቅና በዚያው በግራ ነዳጅ ረግጦ ይዘጋበታል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሾፌር መጀመሪያ ይታጠፋል፤ ፍሬቻውን የሚያበራው ከታጠፈ በኋላ ነው፤ ያደረገውን ለታሪክ ለመመዝገብ ያህል።

ስልኩስ? አብራሪው ያለበትን ቦታ በማይል ቆጥሮ ሲናገር እኛ ደግሞ ሌላ የአቆጣጠር ዘዴ አለን። «የት ደረስክ?» ሲባል «ደርሻለሁ» ያለ ሰው ገና ጫማውን እያሰረ ነው። «መንገድ ላይ ነኝ» ማለት ሻወር ውስጥ ነኝ ማለት ነው። «ኩየራን አልፌያለሁ» ያለው ባቱ ላይ ዓሣ እየበላ ነው። «አምስት ደቂቃ» ደግሞ የጊዜ መለኪያ መሆኑ የቀረ ይመስለኛል፤ የትሕትና መግለጫ ሆኗል። ይህንን ሁላችንም ስለምናውቅ ሁላችንም የተነገረንን በሁለት ወይም በሦስት እናባዛለን፤ የሚናገረውም እንደምናባዛበት ስለሚያውቅ ቀንሶ ይናገራል። ሒሳቡ ዞሮ ዞሮ ይገጥማል። ብቻ በዚህ ሒሳብ አውሮፕላን አይወርድም።

እንግዲህ አበሻ መንገድ ላይ መነጋገር አይችልም እንዳልል የሚከለክለኝ አንድ ነገር አለ። ከሞጆ በመቂና በባቱ አድርጋችሁ ወደ ሻሸመኔ ስትወርዱ ከፊት ለፊት የሚመጣው መኪና በጠራራ ፀሐይ መብራቱን ብልጭ ብልጭ ያደርግላችኋል። ቀጥሎ የሚመጣውም እንዲሁ። ሾፌራችሁ ወዲያው ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ቀበቶውን ይስባል፣ ትርፍ የጫነውን ሰው «ጎንበስ በል» ይላል። አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ዛፍ ጥላ ሥር ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ ታገኛላችሁ። ያ መብራት ያበራላችሁ ሰው አያውቃችሁም፤ ምንም አያገኝም፤ ዳግመኛም አትተያዩም። መልእክቱ ግን አጭር፣ ግልጽ፣ በወቅቱ የደረሰና ሐሰት የሌለበት ነው። ለማያውቁት ሰው፣ ላልጠየቀ ሰው፣ አካባቢውን በጠቅላላ ማስጠንቀቅ ማለት ይኸው ነው፤ ለአጎቱ እብደት የመሰላቸውን ነገር ራሳቸው በየሳምንቱ ያደርጉታል። መገልገያው ተሟልቶልናል፤ ሥነ ሥርዓቱንም ያለ አስተማሪ ተምረነዋል። እርስ በርሳችን እንዳንጋጭ ሳይሆን ከተቆጣጣሪ እንድናመልጥ ከሆነ ከኛ የተሻለ ራዲዮ ያለው ሕዝብ የለም።

የስምጥ ሸለቆ ሰማይ ለትንሽ አውሮፕላን እንግዳ አይደለም። ቢሾፍቱ የአየር ኃይሉ ቤት ነው። አንበጣ ሲነሳና ግሪሳ ማሽላውን ሲወር የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት ትንንሽ አውሮፕላኖች በእርሻው ላይ ዝቅ ብለው ሲረጩ ያየ ገበሬ ብዙ ነው። ከዚያም በፊት፣ አየር መንገዳችን በዲሲ 3 ቡናና ቆዳ ከየጠረፉ በሚያነሳበት ዘመን፣ ሜዳው ሣር፣ የሜዳው ጠባቂም እረኛ ነበር። በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ የሚወርድ አብራሪ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ ላሞቹ ይበረግጋሉ፤ እረኛው ይሮጣል፤ ሜዳው ሲጸዳ ዞሮ ይወርዳል። ላም ራዲዮ የላትም። ግን ያየችውን ታምናለች፤ ከመንገዱም ትወጣለች።

ይህን ስል ጋሪ ነጂዎቻችንን እያሰብኩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ማማ በሌላቸው በእነዚያ ሜዳዎች ላይ ራዲዮ የሌለው አውሮፕላንም መውረድ አይከለከልም፤ ዓይኑን ከፍቶ ሌላውን ጠብቆ ይገባል። የኩየራ ጋሪ ነጂ ማለት እሱ ነው። ክላክስ የለው፣ ፍሬቻ የለው፣ ኢንሹራንስ የለው። አስፋልቱን ከማቋረጡ በፊት ፈረሱን ያቆማል፤ ወደ ነገሌ ያያል፣ ወደ ሻሸመኔ ያያል፣ እንደገና ወደ ነገሌ ያያል። ከዚያ እጁን ዘርግቶ የሚሄድበትን ያሳያል። በመታጠፊያው ላይ ሐሳቡን የሚገልጽ ብቸኛ አሽከርካሪ እሱ ሆኖ ሳለ «ከመንገድ ላይ ይነሳ፣ ትራፊክ ያጨናንቃል» ተብሎ ሁልጊዜ የሚወቀሰውም እሱ ነው።

ፓይለቶቹንም ቅዱስ አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። እነሱም ሰው ናቸው፤ ክላክስ ያምራቸዋል። አንዱ ወደ ሜዳው ሲቃረብ የት እንዳለ፣ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሳይናገር «በአካባቢው ያላችሁ ሁሉ እስቲ ራሳችሁን አሳውቁ» ብሎ ያውጃል። እኔ ማን እንደሆንኩ አትጠይቁኝ፣ እናንተ ግን ተናገሩ ማለት ነው። የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን ይህቺን ሐረግ በምንም ዓይነት እንዳትጠቀሙባት ብሎ በመመሪያው ላይ ጽፏል፤ ያም ሆኖ የሚሉት አልጠፉም። አንድ መመሪያ አንድን ነገር በስሙ ጠርቶ ከከለከለ ሰዎች እያደረጉት ነው ማለት ነው፤ «እዚህ ግድግዳ ላይ መሽናት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ያለበት ግድግዳ ምን ምን እንደሚሸት ታውቃላችሁ።

ሌላ ሕግ ደግሞ አላቸው፤ ይህቺን በተለይ ለአይሱዙ ሾፌሮች ባነበብኩላቸው። ለማረፍ ከተቃረቡ ሁለት አውሮፕላኖች ዝቅ ብሎ ያለው ይቀድማል። መልካም። ሕጉ ግን እዚያ አያበቃም፦ ይህን ቅድሚያ ተጠቅሞ ለማረፍ የደረሰ ሌላ አውሮፕላን ፊት ዘው ብሎ መግባት አይፈቀድም ይላል። አይሱዙ ሾፌሮቻችን የመጀመሪያውን ግማሽ በቃላቸው ያውቁታል። ሁለተኛውን ግማሽ ገና አልተማሩትም፤ ወይም ትምህርቱ ሲሰጥ መንገድ ላይ ነበሩ።

አንዳንዴ መናገሩም አያድንም። ነሐሴ 12 ቀን 2014 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዋትሰንቪል በሚባል፣ ማማ በሌለው ማረፊያ ላይ አንዲት ትንሽ ሴስና 152 ዙሯን ጠብቃ ልታርፍ ስትል ባለ ሁለት ሞተር ሴስና 340 ከሩቅ ቀጥ ብላ፣ ለማረፊያ ከሚገባው በላይ እየፈጠነች መጣች። ሁለቱም አብራሪዎች ራዲዮ ላይ ነበሩ፤ ሁለቱም ተናግረዋል። የትንሿ አብራሪ የኋለኛው እንደፈጠነበት ሲያይ ማረፉን ትቶ ልነሳ ነው አለ። አልደረሰም፤ ሦስት ሰው ሞተ። «እየመጣሁ ነው» ብሎ መናገርና «ስለዚህ ውጣልኝ» ብሎ ማሰብ ሁለት ነገር ናቸው። የመጀመሪያው ማሳወቅ ነው፤ ሁለተኛው ክላክስ ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን የኩዊንሲው አደጋ ነው። ኅዳር 10 ቀን 1989፣ ኢሊኖይ ውስጥ፣ ሊመሽ ሲል። መንገደኛ የጫነች ቢችክራፍት 1900 ልትወርድ ነው። ማኮብኮቢያዎቹ የሚቋረጡ ናቸው፤ በሌላኛው ማኮብኮቢያ ጫፍ ላይ አንዲት ኪንግ ኤር ቆማለች፣ ከኪንግ ኤሯ ኋላ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቸሮኪ ተራዋን ትጠብቃለች። የሚወርዱት አብራሪዎች የሚገባቸውን ሁሉ አድርገዋል፤ ደጋግመው ተናግረዋል፤ በመጨረሻም ማኮብኮቢያው ላይ ያለኸው ልትነሳ ነው ወይስ ቆመህ ትጠብቃለህ ብለው በግልጽ ጠየቁ። ኪንግ ኤሯ መልስ አልሰጠችም። የመለሰው ከኋላ ያለው የቸሮኪው አብራሪ ነበር፦ እኔ ቆሜ እየጠበቅሁ ነው አለ። የመልሱን ከፊል በዚያች ቅጽበት የራሳቸው አውሮፕላን ከፍታ የሚያስጠነቅቅ ድምፅ ሸፈነባቸው። የሚወርዱት ያ መልስ ከኪንግ ኤሯ የመጣ መሰላቸው፤ አመስግነው ወረዱ። ኪንግ ኤሯ ግን ሳትናገር ተነስታ ነበር። ማኮብኮቢያዎቹ የሚቋረጡበት ቦታ ላይ ተጋጩ፤ በሁለቱም የነበሩት 14 ሰዎች አለቁ። ሊረዱ ሮጠው የደረሱ ሰዎች የቢችክራፍቷን በር መክፈት አልቻሉም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ዋናውን ጥፋት ዙሪያቸውን ሳያዩና ራዲዮውን በሚገባ ሳይጠቀሙ በተነሱት በኪንግ ኤሯ አብራሪዎች ላይ አኖረው።

ያልተጠየቀ ሰው በቅንነት መለሰ፤ የተጠየቀው ዝም አለ። እዚህ ላይ ለመቀለድ አንደበቴ አይታዘዝልኝም። ግን የመንገዳችንን ረዳቶች ያየ ሰው ያውቀዋል፦ ሾፌሩ ወደ ኋላ ሲመልስ «ና፣ ና፣ ና» የሚለው የእሱ ረዳት አይደለም፤ ቆሎ የሚሸጥ ልጅ ነው።

በአንጻሩ ብቻውን የሚጋጭም አለ። በ1923 የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ሊደርስ ሲል በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የነበሩት አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ትሪኒዳድ የተወለደውና «የሃርለሙ ጥቁር ንስር» የሚባለው ሁበርት ጁልያን ለበዓሉ የመጣችውን አዲሲቱን ጂፕሲ ሞዝ ይዞ ተነሳና ከሰከሳት። ጥቅምት 23 ዘውዱ ሲጫን እሱ ከአገር እንዲወጣ ተደርጎ ነበር። ማማ የለም፣ ሌላ አውሮፕላን የለም፣ የሚያስቸግር የለም፤ ቢሆንም ተሳካለት። ኩየራ ላይ ጭር ባለ ቅዳሜ፣ አድቬንቲስቱ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን በገባበት ሰዓት፣ ባዶ አስፋልት ላይ ካለችው አንዲት የስልክ እንጨት ጋር የሚጋጭ ባጃጅ ባየሁ ቁጥር ጁልያን ትዝ ይለኛል።

በር ላይ ግን እኛን እዩን። ሁለት ሰዎች አንድ በር ላይ ይገናኛሉ። «ይግቡ።» «ኧረ እርስዎ ይግቡ።» «በእግዚአብሔር!» «እኔ አፈር ልሁን፣ አልቀድምም።» ከኋላ ያለው ሰው በዝናብ እየበሰበሰ አምስት ደቂቃ ይሟገታሉ። (ይህኛው አምስት ደቂቃ እውነተኛ ነው።) በስንት መማለድ ከገቡ በኋላ ጉዳያቸውን ጨርሰው ይወጣሉ፤ ሁለቱም ባጃጅ ይይዛሉ፤ ያ «አልቀድምም» ያለው ሰውዬ ከባጃጁ ውስጥ ሆኖ ሾፌሩን «ግባበት! ግባበት እንጂ ምን ትጠብቃለህ!» ይላል። አየር ላይ ፊት ለፊት የተገናኙ ሁለት አብራሪዎች ሕጋቸው አጭር ነው፦ ሁለቱም ወደ ቀኝ ዞር ይላሉ፤ ማንም ማንንም አይማልድም፣ ማንም ማንንም አይሳደብም። እኛ ወይ መማለድ ነው ወይ መሳደብ፤ መሀሉ የለንም።

«ደርሻለሁ» ብሎ ከልቡ የተሳሳተ ሰው ካለ ግን ክብር ይገባዋል። መጋቢት 26 ቀን 2013 የእኛው አየር መንገድ የጭነት አውሮፕላን ወደ ዛምቢያ፣ ንዶላ ሄደ። የዛምቢያ ባለሥልጣናት በኋላ እንዳስረዱት ሊያርፍ ሲል ተቆጣጣሪዎቹ አናይህም አሉት፤ እሱ ግን ከፊቱ ማኮብኮቢያ ያያል፤ ወረደ። የወረደው ገና በመሠራት ላይ ያለ፣ ያልተከፈተ ሌላ ማረፊያ ላይ ነበር። ያዩት ሠራተኞች ምን እንዳሉ መገመት ይቻላል። በዚያው ቀን ደግሞ መንገደኛ የጫነ ሌላ የእኛ አውሮፕላን እዚያው አዲሱ ሜዳ ላይ ሊወርድ ተቃርቦ ሳይነካ ተነሳና ትክክለኛውን ፈልጎ አረፈ። ማማው አለ፣ ሰው አለው፣ ይናገራል፤ ማማውና አውሮፕላኑ ግን የሚነጋገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ሜዳዎች ነው። ስለዚህ የኩየራ ወጣቶች «መብራት ይተከልልን» ሲሉ እሰማለሁ፤ ይተከል፤ ግን ሻሸመኔ መብራት ባለበት ቦታ ቀይ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው ምን እንደሆነ ሄዳችሁ አዳምጡ። አዎ፣ እሱው ነው።

ከሻይ በኋላ ልጁ የአጎቱን ቪትዝ ይዞ ወደ አክስቱ ሊነዳን ተነሳ። ፍሬቻ አበራ። ቆመ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፣ ጋሪውን አሳለፈ። ከኋላችን የተሰለፈው ሕዝብ ክላክሱን አቀለጠው፤ አንዱ አንገቱን አውጥቶ «መኪናው ተበላሽቶበት ነው?» ብሎ አጎቱን በሐዘኔታ ጠየቃቸው። እንደምንም አስፋልት ገባን።

ኩየራን ትንሽ እንዳለፍን ስልክ ተደወለ፤ አክስቱ ናቸው። ድምጹን ለሁላችንም ከፈተው። «የት ደረሳችሁ ልጄ?»

«ከኩየራ ወጥተናል፣ እትዬ። መንገዱ ጭር ያለ ነው። 15 ደቂቃ ይቀረናል።»

«እሺ፣ እሺ፣ ቀስ ብላችሁ» አሉ፤ ስልኩ ተዘጋ።

በ15 ደቂቃ ደረስን። በሩ የተከፈተው በስንት ማንኳኳት ነው። አክስቱ ፀጉራቸውን በሻሽ አስረው፣ እጃቸው ሊጥ ሆኖ ወጡ። ቡናው አልተቆላም፣ ዶሮው አልተበለተም፣ ሶፋው ላይ የታጠበ ልብስ ተከምሯል። ስመው ሳይጨርሱ ተቆጡ።

«ምነው ልጄ፣ እንዲህ ጉድ ታደርገኛለህ? ደርሻለሁ ብትለኝ ኖሮ እኮ ከሰሉን ማያያዝ እጀምር ነበር። 15 ደቂቃ ስትለኝ ገና ከአዳማ ያልወጣህ መስሎኝ!»